«ቅዳሜ ያንተ ነው» የተባልኩበት ሳምንት

ሰኞ

ትሬቨር፣ ዋናው ኳርተርባካችን፣ አይጫወትም። ጉልበቱ ነው። ኮች ጠዋት ቢሮው ጠርቶኝ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ «ስድስት ሳምንት። ቅዳሜ ያንተ ነው» አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። አምስት ዓመት፣ ሦስት ቡድን፣ ይቺን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በካናዳ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሱን በእጁ የሚወረውረው ሰው ነው፤ ቡድኑ እሱ ስሙን በጠራው የጨዋታ ዕቅድ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ደግሞ እሱ እንዳይጎዳ እየጸለይኩ፣ እንዲጎዳም እየተመኘሁ፣ ኮፍያ አድርጌ ዳር የምቆመው ነኝ። እማዬ «ልጄ የሚከፈለው ለመቆም ነው» ትላለች። ውሸት የለውም።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። ያለፈው ቅዳሜ ትሬቨር ሲወድቅ ገባሁ። ሁለተኛው ኳስ ላይ ከኋላ መቱኝና ጭንቅላቴ ከመሬት ተላተመ። ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ጨዋታውን ያየሁት ዛሬ ነው፣ ከቡድኑ ጋር፣ በቪዲዮ። ጥሩ ተጫውቻለሁ። አሸንፈናል። ኮች ቪዲዮውን አቁሞ «እዚህ ጋ ምን አይተህ ነው ወደ ግራ የወረወርከው?» አለኝ። «ተከላካዩ ሲዞር አይቼ» አልኩ። ምንም አላየሁም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ የኔን ማልያ ለብሷል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ይሄን በአማርኛ የምጽፈው ልብስ በምንቀይርበት ሎከር ሩም ውስጥ ማንም ስለማያነበው ነው። ካናዳ ስመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፊደሉን እማዬ አላስረሳችኝም።

ማክሰኞ

ያለብኝ፦
ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት። ከግራ ዐይኔ ጀርባ።
ብርሃን። የፍሪጁ መብራት እንኳ።
የጨዋታ መጽሐፉን ሳነብ መስመሩ ይደራረብብኛል።
ትናንት ሻወር ውስጥ ፀጉሬን ሁለቴ ሳልታጠብ አልቀረሁም።

የሌለብኝ፦ ማስታወክ። ስለዚህ ያን ያህል አይደለም።

ካረን፣ ጉዳታችንን የምታየው የቡድኑ ቴራፒስት፣ ጥቁር መነጽሬን አይታ «ራስህን ያምሃል?» አለችኝ። «ቺኑኩ ነው» አልኳት። ይሄ ሞቃት ነፋስ ሲነሣ የከተማው ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ ነው የሚውለው፤ ማንም አይጠራጠርም። «እኔንም ገድሎኛል» ብላ አለፈች። ነፋሱ ነገ ይቆማል ይላሉ። ከነገ ወዲያ ምን እላለሁ?

ኮንትራቴ በሲዝኑ መጨረሻ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ይሞላኛል። አንድም ጨዋታ ጀምሮ የማያውቅ የሠላሳ ዓመት ተጠባባቂ ማን ይፈልጋል? ከኔ በታች ዲላን አለ፤ ገና ከኮሌጅ መውጣቱ ነው፣ ክንዱ መድፍ ነው። ሰላም ሲለኝ እንኳ ሎከሬ ይበቃው እንደሆነ የሚለካ ይመስለኛል። ቅዳሜ ከተሳካልኝ ለሁለት ዓመት ያስፈርሙኛል። ካልተሳካልኝ፣ የአጎቴ ልጅ የሚሠራበት ዕቃ መጋዘን ሺፍት አለ ብሎኛል።

ረቡዕ

ጥሩ ቀን። ከዋናዎቹ ጋር ሙሉ ፕራክቲስ። አንዱን ረጅም ኳስ በተከላካዩ ጣት ላይ አሳልፌ በሩጫ ላይ ላለው ልጅ እጁ ላይ ጣልኩለት። ሁሉም ጮኸ። እንደዚያ ስትወጣ ኳሷ እጅ ላይ ምንም አትከብድም። ከዚያ መልሰው ሲወረውሩልኝ ሁለት ሆና መጣች። የቀኟን ያዝኩ። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ከዚያው ጋሼ ተፈራ ደወሉ፤ ለምእመናኑ ስምንት ትኬት ይፈልጋሉ።

«ካናዳ ስኖር ሃያ ዓመቴ፣ ይሄ ጨዋታ አንድ ቀን ገብቶኝ አያውቅም» አሉ። «ግን አንተ ከጀመርክ ባይገባንም እንገባለን!»

«ጋሼ፣ ብርዱ ከባድ ነው፤ ደርበው ይምጡ።»

«እኛን ይብረደን። አንተ ብቻ አታሳፍረን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ

እማዬን ሥራ ላደርሳት ወጣን። ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ከካስልሪጅ ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ የምነዳው መንገድ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። አረንጓዴ ሆነ። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። መንገዱ ሁሉ አንድ ሆነብኝ፤ ከኋላ ክላክስ ያደርጉብኛል፤ እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ።

እማዬ ቀስ ብላ «ወደ ቀኝ፣ ልጄ» አለች።

ዞርኩ። ፓርክ ሳደርግ ቀበቶዋን አልፈታችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አታድርቀኝ። እኔ የምጦራቸውን ሰዎች መርሳቱ እንዲህ ነው የሚጀምራቸው። መንገድ ላይ ቀጥ ይላሉ።»

«እማዬ፣ እነሱ ሰማንያ ዓመታቸው ነው።»

«ያስፈራኝም እሱ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት። ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«አልናገርም። አፉ ያንተ ነው። ግን ቅዳሜ አልመጣም። ወልጄ ያሳደግኩት ጭንቅላት ሲመታ ቁጭ ብዬ አላይም።»

ወርዳ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

የመጨረሻ ልምምድ። መጋጨት የለም፤ ጨዋታ መጥራት ብቻ። ጠራሁ። ሁሉም ተያዩ። አንዱ ሳቀና «ናሆም፣ ይሄ የኛ አይደለም እኮ» አለ። ያለፈው ቡድኔ ጥሪ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛውን ጠራሁ። አሁን ማንም አልሳቀም። ዲላን ከኋላዬ ተጠግቶ ትክክለኛውን በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ዝም ቢል ቦታዬን ይወስድ ነበር። ማክሰኞ ስለሱ የጻፍኩት አሳፈረኝ።

ከዚያ የካረን በር ድረስ ሁለቴ ሄጄ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ያሰብኩት ስለራሴ አልነበረም። አሥራ አንድ ሰው እኔ ያልኩትን ሰምቶ ነው የሚሮጠው። የተሳሳተ ቃል ጠርቼ አንዱን ሳያይ ባስመታውስ? አንኳኳሁ።

«ቺኑክ አልነበረም» አልኳት።

በሩን ከኋላዬ ዘጋች። «ከመቼ?»

«ከቅዳሜ።»

«ሳምንት ሙሉ?» አልጮኸችብኝም። ጣቴን በዐይንህ ተከተል አለችኝ። አቃተኝ።

ኮች መጣ። መሬት መሬቱን እያየ ሰምቶ ጨረሰና «ዲላንን ጥሩልኝ» አለ። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁም። አይዞህ ይሁን፣ ደኅና ሁን።

ቅዳሜ

ስታዲየም እንዳትመጣ ተባልኩ፤ ጩኸትና መብራት ክልክል ነው። ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ መጋረጃ ጋርጄ ዋልኩ። እማዬ ሺፍቷን ለውጣ ቀርታለች። ስልኬን ወስዳብኛለች። ላይ በካልሲ ስትራመድ ይሰማኛል።

ውጤቱን የሰማሁት ጋሼ ተፈራ እሷ ጋ ደውለው ነው። ስምንቱም በብርዱ ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ዲላን አሸነፈ። በሰፊው።

እንዲሸነፉ ተመኝቼ ነበር። ጻፍኩት፤ አልሰርዘውም።

እማዬ ሾርባ ይዛ ወረደች።

«ጋሼ ተፈራ ምን አሉ?»

«‹ልጁ ደኅና ነው?› አሉ። ሌላ አልጠየቁም።»

ትራሱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ማልቀስም ራስ ያሳምማል።

ሰኞ

ሐኪም ቤት። እማዬ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ጭንቅላትህን ስንት ጊዜ ተመተሃል?» አለኝ። አንድ ልል ነበር። ዞር ስል እያየችኝ ነው። «አራት» አልኩ። መተየቡን አቆመ።

አምስት ቃል ነገረኝና ሌላ ሌላ ነገር ሲጠይቀኝ ቆየ። በኋላ «ቃሎቹን ድገማቸው» ሲል ሁለት አገኘሁ።

«መቼ ነው የምጫወተው?»

«መጀመሪያ ማንበብና መንዳት እንድትችል እናድርግ» አለ። ስለ ጨዋታ ሌላ ምንም አልተናገረም።

በባቡር ተመለስን። እንግሊዝኛ አልችልም የምትለው እናቴ አምስቱንም ቃል በእንግሊዝኛ በጣቷ እየቆጠረች አለችልኝ። እስክንወርድ ድረስ አስደገመችኝ። ቤት እንደገባሁ ጻፍኳቸው፦ ዝሆን፣ መስኮት፣ ማር፣ ዝናብ፣ ወንበር።

ማክሰኞ

ስነቃ ዐይኔን ሳልገልጥ ሞከርኩ። ዝሆን። መስኮት። ማር። ዝናብ። ትንሽ ቆይቶ አምስተኛው መጣልኝ፤ ቢላ። ደስ ብሎኝ ከደረጃው ሥር ጮክ ብዬ ለእማዬ ቆጠርኩላት።

ላይ የውኃው ድምፅ ቆመ።

«ጎበዝ» አለች። ዘግይታ ነው ያለችው።