በሃምሳው የጾምኩት ረቡዕ

አንኮበር፣ ግንቦት 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደተንሣኤ፤ በርሊን ባለህበት እግዚአብሔር ከብርዱም ከሰዎቹም ይጠብቅህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሐኪም ከሆንክ ወዲህ ጽሕፈትህ ጭቃ ላይ የሄደች ዶሮ ዱካ መስሏል፤ ቢሆንም አንብቤዋለሁ።

ሕመሜን የጻፈችልህ ጎረቤቴ አልታየች ናት። «እትዬ፣ የወፍ በሽታ ነው» ብላ ክንዴን በጋለ ብረት ልትተኩስ መጥታ ከነብረቷ መለስኳት። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ደግሞ ገና ልጅ ነው። «የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ዘግቶታል፤ ሆድሽ ካልተቀደደ ትሞቻለሽ» አለኝ። አንቺ አለኝ! መጀመሪያ ያሳደገው ሰው ይታከም።

ከሁሉ የባሱት የንስሐ አባቴ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። ከገና ወዲህ ቅቤ በቀመስኩ ቁጥር ከጎድኔ ሥር ይወጋኛል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ማኅበራችን ረቡዕ ውሎ የቅቤ ወጡን ስመልስ አይተው፣ «ጌታ ተነሥቷል፤ በሃምሳው ጾም ትንሣኤውን መካድ ነው። ንስሐ ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። በሰው ፊት ሕመሜን ከምዘረዝር ኃጢአቱን ተቀበልኩ። ቅጣቴ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስግደት! በሃምሳው እንደማይሰገድ ሕፃን ያውቃል።

አሁን ወደ አንተ ቧንቧ ልምጣ። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቧንቧ በአፍ ገብቶ፣ የሐሞቱን ቱቦ አፍ በጋለ ሽቦ ከፍቶ፣ ሆድ ሳይቀደድ ጠጠሩን ወደ አንጀት ይጥላል ትለኛለህ። አልታየች ከውጭ፣ እናንተ ከውስጥ፤ ሁላችሁም የምታውቁት መተኮስ ነው። ጀርመናዊው መምህርህ ዕቃውን ይዞ አዲስ አበባ የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ብለህ ገጽ ሙሉ ለምነኸኛል። ግማሹ ይበቃ ነበር።

ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል ወይ ብለሃል። መስተዋቱ አሮጌ ነው፤ ሁሉን ቢጫ ያደርጋል። ነጠላዬን ግን ነጭ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ።

ይህን የምጨርሰው ጎረቤላ፣ መኪና እየጠበቅሁ ነው። አዲስ አበባ ስደርስ በእጄ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ግዴታዬ ሁለት ነው፤ መምህርህ ቧንቧውን ዓይኔ እያየ ያጥባል፤ አስተርጓሚውም «እርስዎ» ይለኛል። ሆድሽን ባዶ አድርገሽ ሂጂ ያልከውን ግን ከእናንተ አልማርም፤ ዕድሜዬን ስጾም ኖሬያለሁ። አልታየችም ካልተከተልኩሽ ብላ አብራኝ ናት፤ ብረቷን አስጥያታለሁ።

ይህ ሲደርስህ ነገሩ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ትምህርትህን ሳትጨርስ እንዳትመጣ።

አምላከ ቅዱሳን እጅህን አያንቀጥቅጥብህ፤ ጽሕፈትህንም ያቅናልህ።

እናትህ አመተ ማርያም