«ይመከራል» ያለችው ሴትዮ

ግንቦት 12

ዛሬም ቀረጻ። ፒያሳ ያለው ቢሯችን መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ «ስቱዲዮ» ብሎታል። ገበሬው ደውሎ የአየር ጠባይ ምክር ይሰማል፤ የተቀረጸው ድምፅ የእኔ ነው። ኃላፊያችን ፋንታሁን የጻፈውን ሰጠኝ፦ «የዝናብ አጀማመሩ አስተማማኝነት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ የዘር ተግባራትን ከእርጥበት ሁኔታ ጋር ማጣጣም ይመከራል።»

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ቀስ ብለሽ አንብቢው።»

ቀስ ብዬ አነበብኩት። ዜና አንባቢ ነው የመሰልኩት... ደስ ብሎኛል፣ ምን ይደበቃል።

አባቴ፣ አባ የምለው፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገብስ ያርሳል። ቁጥሩን ሰጠሁት እንጂ እኔ ነኝ አላልኩትም። በድምፄ ያውቀኝ የለ?

ግንቦት 16

አባ ደወለ። እነሱ ዘንድ ዘንቧል።

«ስልኩን ሰማኸው?»

«ሰማኋት። የከተማ ወይዘሮ ናት። ሸጋ ታነባለች።»

አላወቀኝም...

«ምን አለች?»

«እንጃ። ስለ ዘር አወራች፤ መጨረሻ ላይ ይመከራል አለች። ይመከራል ካለችማ ብዬ መዝራት ጀመርኩ።»

ወደ ፋንታሁን ሮጥኩ። በቀላል አማርኛ ምን ማለት ነው? «ዝናቡ ሊቋረጥ ይችላል፣ አትዝሩ ማለት ነዋ። ግልጽ አይደለም እንዴ?»

መልሼ ስደውል አባ ግማሹን ማሳ ዘርቶታል። ቀሪውን ዘር እንዲያቆይ ለመንኩት።

ግንቦት 28

ዝናቡ ጠፋ። የአባ ገብስ ብቅ ብሎ ደረቀ። «ያችን ሴትዮ አንድ ቀን ባገኛት...» አለ። ምን ልበል? ወሬውን ወደ በሬዎቹ አዞርኩት።

ቢሮ ደግሞ ኬክ ተቆረሰ። ሁለት ሺህ ገበሬ ደውሎ ሰምቷል ተብሎ። «ሰምተው ምን አደረጉ?» አልኩ። ፋንታሁን ኬኩን እያኘከ «እሱ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ ነው» አለኝ።

ሰኔ 6

አዲስ ጽሑፍ መጣ። «የእርጥበት ቀጣይነትን ታሳቢ በማድረግ...» አልጨረስኩትም። ወረቀቱን ገለበጥኩና ፋንታሁንን ጠየቅኩት። እሱም የዳባት ገበሬ ልጅ ነው።

«ይህንን ለአባትህ ብትነግረው ምን ትለዋለህ?»

ሳቀ። ከዚያ ግን አሰበ። «አባዬ፣ ዝናቡ አሁን ጸንቷል፤ ዘርህን አታቆይ፣ ዝራ እለዋለሁ።»

«እሱን ልበለው?»

«ገንዘቡን የሚሰጡን ፈረንጆች ቢሰሙስ?»

«አማርኛ መቼ ያውቃሉ?»

መቅረጫውን ራሱ ከፈተልኝ። ባደግሁበት የገጠር አማርኛ ተናገርኩ።

ሰኔ 8

ጠዋት አባ ደወለ። ቀሪዋን ገብስ ሊዘራ በሬዎቹን ጠምዷል።

«የትነበርሽ፣ ስልኩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ገና እንደምን አደራችሁ ስትይ አወቅኩሽ። የፊተኛዋ ሴትዮስ? ተባረረች?»

አዎ ልበለው? አፌ ላይ ደርሶ ነበር...

«እሷም እኔ ነበርኩ፣ አባ።»

በሬውን ሲገስጽ ብቻ ይሰማኛል።

«ምነው እንዲያ ሆነሽ ነበር ታዲያ?» አለኝ።