ጾመኛዋ ፉርጎ

መቱ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለጎንፋ
አሰብ

የአሰብ ሙቀት ሳያከሳህ፣ የባሕሩም ነፋስ ሳያስልህ ይህች ወረቀት ትድረስህ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም ብሎ ግቢው ጭቃ ነው፤ ጣሪያው በጓዳ በኩል ያፈሳል፤ ከዚያ ወዲያ የጎደለብኝ የለም። አንቱ ማለቱን እንደ ተውኩ ታያለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ላላየሁት ሰው አንቱታው ከበደኝ። ደግሞ ተቆጥቼ ስጽፍ አንተ ማለት ይቀለኛል።

የላክኸው የሽያጭ ወረቀት ደርሶኛል። ገዢው ቡና ነጋዴ ጋሼ ደበሳ ራሳቸው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው አመጡልኝ። “ፉርጎዋን ሸጫለሁ፤ ከስሜ በታች ፈርሚና ቁልፉን ስጪ” ትላለህ። “ናፍታ በሌለበት አገር የናፍታ መኪና ቆማ ከምትዝግ” ትላለህ። አንተ ነዳጅ ማጣሪያ ተቀጥረህ፣ እጅህን በናፍታ እየታጠብክ ነው እንዲህ የምትለኝ!

እርግጥ ነው፣ ናፍታ የለም። ከበደሌ ወዲህ ያለውን መንገድ ከነሐሴ ጀምሮ ጭቃ ውጦታል፤ ቦቴ አያልፍም። አልፎ አልፎ በበቅሎ አንድ ሁለት ጀሪካን ቢመጣ ነው። ፉርጎዋም አርባ ቀን ያህል ቆማ፣ ዶሮ ገብታ ወንበሩ ላይ ታቅፋባታለች። ይህን ማን እንደ ነገረህ አላውቅም፤ አልዋሸህም። ግን ጎንፋ፣ ያቺ መኪና የተገዛችው የእናቴ የቡና ማሳ ተሸጦ ነው። መሪ መያዝ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ጅማ ድረስ ሄጄ፣ ፈታኙ ሆዱን ይዞ እየሳቀብኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከመቱ ሁሩሙ፣ መንገዱ ሲደርቅም ኖፓ ድረስ ሰውና ዕቃ እያመላለስኩ ነው ራሴን ያኖርኩት። ማንንም አላስቸገርኩም። አልፈርምም።

ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ አልኳቸው። ጋሼ ደበሳ ሳቁ።

“ዲሪቤ፣ ልጄ፣ በምን ልትነጃት ነው? በጸሎት?”

“በኑግ ዘይት” አልኳቸው።

ቀልድ መሰላቸው። ባለወፍጮው ጋሼ ታጁዲን ናፍታ ሲያጥራቸው ሞተራቸውን ዘይት እያጠጡ እህል ሲፈጩ በዓይኔ አይቻለሁ። የወፍጮ ሞተር የጠጣውን የመኪና ሞተር የማይጠጣበት ምክንያት አልታየኝም። “ሁለት የሁሩሙ ገበያ ቀን ስጡኝ” አልኩ። “በሁለቱ ውስጥ ፉርጎዋ ሰው ጭና ሁሩሙ ደርሳ ከተመለሰች ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል። ካልተመለሰች በገዛ እጄ ፈርሜ ቁልፉን አስረክባለሁ።” ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆኑ። ከሄዱ በኋላ በቀጥታ ወደ ጋሼ ታጁዲን ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

አንተ መካኒክ ነህና የሠራነው ይገባሃል። ዘይት ወፍራም ነው፤ ሲበርደው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ ለዘይት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል አሰርን። ከሱ የሚወጣውን የመዳብ ቧንቧ ጋሼ ታጁዲን የራዲያተሩ ሙቅ ውኃ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ጠመጠሙት፤ ዘይቱ እየሞቀ እንዲሄድ ነው። ከዚያ ሁለት ፊልትሮ በተራ ገባ። ፊተኛው ከአሮጌ ወፍጮ የተፈታ ነው፤ ከሥሩ የብርጭቆ ኩባያ ስላለው የተጠራቀመው ደለል ይታያል። ኋለኛው የመኪናዋ የራሷ ነው። መሪው አጠገብ የቧንቧ ቁልፍ አለ፤ ወደ ግራ ናፍታ፣ ወደ ቀኝ ዘይት። በናፍታ ታስነሣታለህ፣ ሞተሩ ሲግል ወደ ዘይት ታዞራለህ፣ ልታጠፋት ስትል ወደ ናፍታ ትመልሳለህ። ካልመለስክ ዘይቱ ቧንቧው ውስጥ ያድርና በማግስቱ ንቅንቅ አትልም። እንዲህ ሲሆን አንድ ጀሪካን ናፍታ ወር ያስኬዳል።

ዘይቱን ከመጭመቂያ ቤት ወሰድኩ፤ ከበርሜል ሥር የሚቀረውን፣ ለወጥ የማይሆነውን አተላ። ቤት አምጥቼ አሞቅሁትና በማጥለያ ጨርቅ አጠለልኩት። ጠርቶ ሲወርድ ደስ ይል ነበር።

በመጀመሪያው ገበያ ቀን ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ስምንት ሰው ጭኜ ወጣሁ። ከሶር ድልድይ ወዲያ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ስምንቱም ወርደው እየሳቁ መኪናዋን ገፍተው ወደ ኋላ አዞሩኝ። ጋሼ ደበሳ በበቅሎ ሲያልፉ ደረሱብን። “ዲሪቤ፣ እስክሪብቶ ልላክልሽ እንዴ?” አሉ። ጎንፋ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። “ገና አንድ ገበያ ይቀረኛል” ብቻ አልኳቸው።

ጋሼ ታጁዲን ፊልትሮውን ሲፈቱት ውስጡ ጧፍ መስሏል። እሳቸው ዘይቱን ረገሙ፤ እኔ ብርዱን ረገምሁ። ነገሩን ያወቁት ባለቤታቸው እትዬ ዘህራ ናቸው። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት።

“ይሄማ የኑግ አይደለም፣ ሰም ነው። በምን አጠለልሽው?”

በማር ማጥለያዬ! ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ለዓይን ንጹሕ ነበር። የማር አገር ሰው ስንባል ማጥለያ ሁሉ አንድ ይመስለናል። ጨርቁ ውስጥ የከረመው ሰም በሙቅ ዘይት ቀልጦ ወርዶ፣ በብርዱ ፊልትሮው ላይ ረግቷል። እትዬ ዘህራ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። “ኢንታላ ኮ፣ ጀባዱ” አሉኝ ጋሼ ታጁዲን። ልጄ፣ በርቺ ሲሉኝ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

አዲስ አቡጀዲ ገዝቼ አራት አጠፍኩት። ዘይቱን መጀመሪያ ሦስት ቀን አስተኛሁት፤ ከላይ ከላዩ ቀድቼ አጠለልኩ፣ ከሥር ያለውን አልነካሁም። ፊልትሮዎቹን በላምባ አጠብን። በሁለተኛው ገበያ ቀን ጋሼ ደበሳ “አጭበርብራ በናፍታ እንዳትሄድ” ብለው ጋቢና አጠገቤ ተቀመጡ። በርሜሉን ከፍተው በጣታቸው ቀመሱት።

ከድልድዩ በፊት ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ዳገቱን ስንይዝ ትንፋሼን ያዝሁ። ያቺ ጉደኛ መኪና ግን አንዴ እንኳ ሳትስል ወጣችው! ሁሩሙ ገበያ ስንገባ ጭሷ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። አንዲት ሴትዮ “ምን እየጠበሳችሁ ነው?” ብላ ተከተለችን። አንድ ቄስ ደግሞ ዘይት መጠጣቷን ሲሰሙ “እኛ ረቡዕና ዓርብ ስንቸገር እሷ ሳምንቱን ሙሉ ጾመኛ ሆነች” አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ጾመኛዋ ይላታል።

ስንመለስ ጋሼ ደበሳ በርሜሉን ዳግመኛ ከፍተው ዘይቱን አዩ። በኋላ “ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም” አሉኝ። “ጎንፋ የቸኮለው ለቤት ብሎ ነው። ሴትዮዋ ከወለደች ወዲህ አንዲት ክፍል አልበቃቸው ብሎ...” አሉና ፊቴን ዓይተው አፋቸውን ያዙ። “አላወቅሽም እንዴ?”

አላወቅሁም። መንገዱን ብቻ አየሁ። መቱ ስንደርስ ቁልፉን ወደ ናፍታ መለስኩ፣ ቧንቧው እስኪጠራ ትንሽ አስኬድኳት፣ ከዚያ አጠፋሁ። አንድም ነገር አልረሳሁም። ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት፤ እሱም ብዙ አይደለም።

ወረቀቱን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ፤ ከስምህ በታች ምንም አልጻፍኩም። ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ጋሼ ደበሳም ቡናቸውን በእኔ መኪና ሊያስጭኑ ተስማምተናል። ቤት ከፈለግህ በደመወዝህ ሥራ። በእናቴ ማሳ ላይ ግድግዳ አታቆምም።

አንድ ነገር ልመስክርልህ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ልጅ ስላለመውለዴ ክፉ ቃል ከአፍህ አልወጣም። ዝም ብለህ ሄድክ እንጂ። ዝምታህ ይሻል ነበር ወይስ ብትናገረው፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው አንድ ቅል ቅቤ ይሰጥሃል። ለወጥ አይደለም፤ ለሕፃኑ አናት ነው፣ በዚያ ሙቀት እንዳይደርቅበት። ራሴ ነኝ የናጥኩት። እናቱ ከማን ነው ብትልህ ከእህቴ ነው ብለህ አትዋሻት፤ ስሜን ንገራት። ወንድ ይሁን ሴት ጋሼ ደበሳ አያውቁም። ስሙን ጻፍልኝ። ስለ ፉርጎዋ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ፤ የልጁን ስም ግን ጻፍልኝ።

እግዚአብሔር በዕድሜ ያሳድገው። እሱ ምንም አላጠፋም።

ሚስትህ
ዲሪቤ አብደታ