የኦቦ ቶሎሳ ደንብና የግሪኮች ትራጄዲ

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከዕድር ስብሰባ መመለሴ ነው። አዲስ ደንብ ወጣ፦ መቃብር ቁፋሮ የቀረ አባል በስድስት ወር ውስጥ ሐዘን ቢደርስበት የዕድሩን ድንኳን አያገኝም። ሐሳቡ የሊቀመንበራችን የኦቦ ቶሎሳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ የመጣነው ሥራ እያልን አካፋውን ለነባሮቹ ትተናል፤ እውነታቸውን ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ብዕሬ ዘገየባቸው። «ባሬሲ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ጻፍ እንጂ ጋዜጠኛው! የኔም ልጅ ቢሆን!» ተጨበጨበ። ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት 1፡30
ሚኒባስ ውስጥ። አለቃዬ ለባህል ዓምድ ግማሽ ገጽ አዟል፦ የጥንት ግሪኮች ትራጄዲ የሚሉት ምን ዓይነቱን ተውኔት ነው? እያነበብኩ ነው። ክፉ ሰው ቢወድቅ ትራጄዲ አይባልም። እንከን የለሹ ቢወድቅም አይባልም። በመካከል ያለ፣ እኛን የሚመስል ሰው፣ ተሳስቶ ሲወድቅ ነው። ለበጎ ያደረገው ነገር ዞሮ ራሱን ይመታዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጎረቤት ሞቶ ቁፋሮ ነበር። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ግርማ ቀረ፤ ጭነት ይዞ መናገሻ ሄዷል። እኔም ቀረሁ፤ ጋዜጣው ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ነው። ማታ መዝገቡን ሞላሁ። ግርማ፦ ቀሪ። እኔ፦ ተገኝቷል። አካፋዬን ልኬያለሁ እኮ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ጠዋት 12፡40
ከግርማና ከሚስቱ ጋር የሚኖሩት አማቱ ትናንት አረፉ። ባልና ሚስት ድንኳን ሊጠይቁ ኦቦ ቶሎሳ ደጅ መጡ። እኔም ከነመዝገቡ ተጠራሁ። «አንብብ» አሉኝ። አነበብኩ። ግርማ ቀሪ።
«አባባ፣ የእናቴን ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ላስቀምጥ?» አለች ምራታቸው።
ኦቦ ቶሎሳ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

12፡55
ግሪኮች ተመልካቹ ያዝናል፣ ይፈራል፣ በመጨረሻም ይቀልለዋል ይላሉ። አዘንኩላቸው። ፈራሁም። አልቀለለኝም፤ ተመልካች አይደለሁማ።

1፡20
ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። መዝገቡን ይዤ ወደ አማትየዋ መቃብር ቁፋሮ ልወጣ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ፊት፣ አባላቱ እያዩ፣ በስሜ ትይዩ ያለውን ሰርዤ «ቀሪ» እጽፋለሁ። ከዚያ ደንቡን እንደገና እንየው እላለሁ። ይስሙኝ፣ ያባርሩኝ፣ አላውቅም። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ግማሽ ገጹ ዛሬ አይደርስም። ቁፋሮው ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል።