የአባባ ካሜራና የእኔ መርፌ

ውድ እህቴ እትዬ ምሥራቅ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ቶማስስ ጤናው እንዴት ነው? ሲናዬስ አደገች? እማማና እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን ስለ ጤናችን ብቻ ነው፤ ካንቺ የደበቅሁት ነገር ስላለ ውስጤ ከተረበሸ ሰነበተ።

በሚያዝያ አንድ ጥቅል ፊልም ልከሽ፣ በዚያ በታጣፊው ካሜራው አባባን ራሱን አንሳልኝ ብለሽኝ ነበር። ሁላችንን ያነሳን በእሱ ነውና አንድ ቀን እንኳ እሱ ይነሳበት ነው ያልሽው። ከሣጥን አውጥቼ ከፈትኩት። ሌንሱ ንጹሕ ነበር፤ መዝጊያውም ስጫነው ቀጭ ብሎ ይከፈትና ይዘጋል። ከሌንሱ እስከ ፊልሙ እንደ ወናፍ የሚዘረጋው ጥቁር ቆዳ ግን እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ዊንጌት ያለው ፎቶ አንሺ አቶ ሸፊ፣ እኔ ሳላየው ፊልም እንዳታስገባበት ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ የተቀደደ ነገር ሳይ እጄ ወደ መርፌ ነው የሚሄደው። በጥቁር ክር ሰፋሁት። ስፌቱ አምሮ አባባ እንኳ እጅህ ይባረክ አለኝ። መርፌዋ በገባችበት ሁሉ ብርሃን እንደሚገባ አላሰብኩም።

ስምንት ፎቶ አነሳሁት፤ ሰባቱን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ የመጨረሻውን ቤት ውስጥ ሽመና ጉድጓዱ ላይ እንደተቀመጠ። በሐምሌ አባባ አረፈ። ፊልሙን አቶ ሸፊ ያጠበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲታተሙ ሰባቱ ነጭ ሆነው ወጡ። ስትደውዪ አጣቢው አበላሸው አልኩሽ። አንቺም ለአቶ ሸፊ ደውለሽ፣ ከሐዘንሽ የተነሳ የማይባል ነገር ተናገርሽው። እሱ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ሲያነሳው ነው በመርፌ ቀዳዳ ብርሃን እንደገባ የገባው፤ ቢሆንም አላጋለጠኝም። ስልኩን ዘግቶ እኔን አስጠራኝና፣ «እህትህ አባቷን አጥታ ነው፣ ብትሰድበኝ አልቀየማትም። እውነቱን ግን አንተ ንገራት፤ እኔ አልነግርልህም» አለኝ።

ስምንተኛው አልጠፋም ነበር። ቤቱ ጨለምለም ስላለ ተርፏል። አባባ መወርወሪያውን ይዞ ቀና ብሎ ያያል። ከትከሻው እስከ ጉንጩ ግን አሥራ አንድ ነጭ ነጥቦች እኩል ተራርቀው ተሰልፈዋል። የሽመና ቤት ልጅ ነሽ፤ ገና ስታዪው ስፌት መሆኑን ትለያለሽ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ደበቅሁት። ውሸቴ እንዳይታወቅ ስል የአባባን ፊት ከለከልኩሽ። ይኸው፣ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። እኔን ይቅር ማለቱ ይቆይሽና አስቀድመሽ ለአቶ ሸፊ ደውዪለት።

እማማን ትናንት አሳየኋት፤ ነጥቦቹን አልፋ የአባባን ፊት በጣቷ ዳበሰች። ትስምሻለች። ለቶማስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሲናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አያቴ ላይ ያሉት ነጥቦች ምንድን ናቸው ብላ ከጠየቀችሽ፣ አጎትሽ የሰፋው ነው በያት።

ወንድምሽ ሙሉቀን
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.