ነጩ የሐዘን ቀለበት

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? የዮርክ ብርድ ዘንድሮ ክፉ ነው፤ እናንተ ጋ እንዴት ይሆን? እኔ አምብሮዝን ከቀበርነው ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ባለቤቴ ሲናዘዝ፣ ለእኔና ለአንቺ ፀጉሩ የሚገባበት የሐዘን ቀለበት እንዲሠራ ማዘዙን ሰምተሻል። ትናንት ወርቅ አንጥረኛው ሚስተር ፒከርስጊል ይዟቸው መጣ። የእኔ እንደ ወጉ ጥቁር የተለበጠ ነው። ከላዩ ካለችው ትንሽ መስታወት ሥር እኔው ከሬሳው ራስ ላይ የቆረጥኩት ሽበት ተጎንጉኖ ገብቷል። ሳጠልቀው ሰፍቶኝ ወለቀ። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእርስዎን ልክ በግምት ነው የነገሩኝ፣ እመቤቴ» አለ እያፈረ።

ያንቺን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ነጭ ነው! ነጭ ሳያገባ ለሞተ ሰው እንደሚሠራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። «ምነው ሚስተር ፒከርስጊል፣ እኔ ቆሜ ባሌን ወንደላጤ አደረጉብኝ?» ብለው፣ «እኔ ምን ላድርግ? ያዘዙት እሳቸው፣ ፀጉሩን የሰጡኝም እሳቸው። የጣቷን ልክም በክር ቋጥረው ነው ያመጡልኝ» አለኝ። ክሩን አሳየኝ፤ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል።

በነጩ ውስጥ ያለው ፀጉሩ ድፍን ጥቁር ነው። እኔ ሳገባው ግማሹ ሸብቶ ነበር። ታዲያ ይኼ የየትኛው ዘመን ነው፣ እህቴ? እኔ አሻንጉሊት ሳዝል፣ አንቺ «ንፋስ ልቀበል» እያልሽ ወደ ወንዙ ዳር ስትመላለሺ የነበረበት?

አገልጋዬ ታቢታ በር ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ «ወንዝ ይጨምሩት እመቤቴ፤ ዓሣ አይመሰክርም!» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ እስከ ድልድዩ ሄድኩ። ልወረውረው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

በማንኪያ ያጎረስኩት፣ አንሶላውን ያጠብኩት፣ ያንን ሽበት ሳበጥር የኖርኩት እኔ ነኝ። ሽበቱን ጠግቤዋለሁ። ስለዚህ ታቢታ የምታመጣልሽን ጥቁሩን ቀለበት ተቀበዪ። ነጩ እኔ ዘንድ ይቀራል። እንደ ምንም ብዬ ትንሿ ጣቴ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ አሁን በሳሙናም አልወጣ ብሏል። ልትወስጂው ብለሽ መንገድ እንዳትደክሚ።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ቤትሽን ሐዘን አይልመደው።

ታናሽ እህትሽ፣
የአምብሮዝ ሚስት