አራቱን ብሎን ይዘህ ሄድክ

አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ ሲሳይ።

ከሄድክ ሁለት መስቀል አለፈ። ሁለቱንም ቁርጥ በልቻለሁ፣ ያንተን ድርሻ ጨምሬ። መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ስምንተኛ ክፍልን ያየሁት በመስኮት ነው። ግን አሁን ሸማ ተራ ውስጥ የኔን ያህል የሚሸጥ የለም፣ ብዙ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ፊደል ቢስት ማንም አይስቅበትም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ለእማዬ ኮንዶሚኒየም ወጣላት። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን በወጣች ቁጥር ቆም እያለች አንተን ትራገማለች፣ ጥለሃት ስለሄድክ። ባቡሩም ሥራ ጀመረ፤ ያ መንገዱን ቆፍረው ቆፍረው ጋቢህን በአቧራ የጨረሱብህ ባቡር። ሱቁን ቀለም ቀባሁት፣ መስታወት አስገባሁለት፣ በርጩማህን ለዘበኛው ሰጠሁት። አትቆጣ። እዚያ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ደንበኛ ሁሉ «አባትህስ?» ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥርስህ ልምጣ።

ያ የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስህ ጠላትህ ነበር። የላይኛውስ ላንቃህ ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ የታችኛው ግን ምላስህ ነካ ባደረገው ቁጥር ብድግ ይላል። ማጣበቂያ ቀባህ፣ አልሆነም። ማታ ብርጭቆ ውስጥ ይተኛል፣ ቀን አፍህ ውስጥ ይደንሳል። ያን ጥርስ ካደረግክ ወዲህ «ሰ» የምትባል ፊደል ካንተ አፍ ወጥታ አታውቅም። ሰላም ሸላም ሆነ፣ ስልሳ ሽልሻ ሆነ። በሸማ ተራ ሳይበላሽ የሚወጣልህ ቃል «ሸማ» ብቻ ነበር።

እኔን ደግሞ ሱቁ በር ላይ ቆመህ «ሺሻይ!» ብለህ ትጣራለህ። ጋሽ ታፈሰ ከፊት ለፊት ሱቁ ሆኖ ይቀበልሃል፦ «ሺ ሻይ ታዟል! ቶሎ በሉ እንጂ፣ ስኳሩን ለየብቻው!» ተራው ሁሉ ይንጫጫል። እኔም እስቅ ነበር። ጥሩ ቀልድ ከጠላትም ቢመጣ ጥሩ ቀልድ ነው።

የልጁ ሰርግ ላይ ያደረገው ግን ቀልድ አልነበረም። ታስታውሳለህ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ሳህኑን ይዞ ዞሮ ዞሮ አንተ ጋ መጣና «ጎረቤቴ፣ በሞቴ!» ብሎ ክንዱን የሚያክል ጉርሻ ደቀነብህ። እምቢ ማለት አትችልም፣ የሰርግ ጉርሻ ነው። አፍህን ከፈትክ። እጁን ሲያወጣ የታችኛው ጥርስህ ጣቶቹ መሀል ተሰክቶ አብሮ ወጣ፣ እንጀራው ሳይቀር። ሰውየው ደንግጦ ቢመልስልህ እኮ አለቀ። እሱ ግን ወደ ላይ አነሳው! ሙሽራዋ እንድታይ! «ጎበዝ፣ ጉርሻ ሰጥቼው መልስ በጥርስ ከፈለኝ!» አለ። ሙሽራው ሳይቀር ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። አንተ ጋቢህን እስከ አፍንጫህ ሳብክና ተነስተህ ወጣህ።

ከዚያ በኋላ አፍህን ሳትሸፍን ሳቅ ብለህ አታውቅም። ዋጋ ሲጠሩህ በጣት ማሳየት ጀመርክ። አፉን የሚደብቅ ነጋዴ ምን ይሸጣል?

ዶክተሯ ጋ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይወስድሃል? ወጪውንም ችያለሁ፣ አልተነፈስኩም። ዶክተሯ አፍህን አይታ ራሷን ነቀነቀች። የጥርስ ሥር የሌለው መንጋጋ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ልክህ የነበረው ጥርስ አሁን የሰፋህ፣ ሌላ እንደዚያው ያለ ብናሠራ እሱም ነገ ይሰፋል አለች። መፍትሔው ኢምፕላንት ነው፤ አጥንቱ ውስጥ አራት ብሎን ይገባል፣ አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ወራት እንጠብቃለን፣ ከዚያ ጥርሱ እንደ ጃኬት ቁልፍ ጠቅ ብሎ ላዩ ላይ ይቀመጣል አለችህ። አንተ ወደኔ ዞርክና «ሺሻይ፣ እኔ ሽው ነኝ ወይሽ መኪና?» አልከኝ። ዶክተሯ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዞረች።

ግን ገባህ፣ ብሎኑም ገባ። ጀግና ነበርክ፣ ያንን ልመስክር። ጉንጭህ ዱባ አክሎ በማግስቱ ሱቅ ከፈትክ። ወራቱን ስትጠብቅ ያው አሮጌው ጥርስ ነበር፣ ዶክተሯ ውስጡን ትንሽ አለስልሳልህ። አንተ ግን ሐሳብህ ሌላ ነበር። ጥርሱ የሚገጠም ቀን ቀጥ ብለህ ጋሽ ታፈሰ በር ላይ ልትቆም፣ አንድ እፍኝ ቆሎ አይኑ እያየ ልትቆረጥም፣ «ታፈሰ» ብለህ ስሙን አጥርተህ ልትጠራው፣ ከዚያ ዞር ብለህ እኔን ልትጠራ። «ሲሳይ» ብለህ። ተራው ሁሉ እየሰማ። ይሄን በየቀኑ ነበር የምትነግረኝ፣ ያውም በሸ።

አጥንትህ ብሎኑን ያዘ። ዶክተሯ ራጁን አይታ «ድንጋይ ሆኗል» አለች። ልብህ ግን አልያዘም። ጥርሱ ሊገጠም ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋቢ እያጠፍክ እዚያው ሱቅ ውስጥ ወደቅክ። ሰው እንዴት አራት ብሎን አስመትቶ ለጥርሱ ሳይደርስ ይሄዳል? ምን ዓይነት ነጋዴ ነህ፣ ቀብድ አስይዘህ ዕቃውን ሳትወስድ!

ሲገንዙህ አፍህ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እማዬ «አሮጌውን እንኳ አድርጉለት» ብላ ለመነቻቸው። እምቢ አለ፣ አልገባም፤ በሕይወት ሳለህም አልገባልህም። አገጭህን በነጠላ አሰሩት። አራቱን ብሎን ይዘህ አፈር ገባህ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚቆፍርህ ሰው ጋራዥ ያገኘ ይመስለዋል። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው ጋሽ ታፈሰ ነበር። «ወንድሜ! የጎረቤት ጌጥ!» እያለ ደረቱን ይመታል። በጉርሻ የገደለህ ሰው።

ከካፖርትህ ኪስ ለዚያ ቀን ያስቀመጥከውን ቆሎ አገኘሁት። እርጥበት አግኝቶት ለስልሷል። ጋሽ ታፈሰ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ቆረጠምኩት። የኔ ጥርስ ብረት ነው።

አዲሱን ጥርስ ከዶክተሯ ተቀበልኩ። ተከፍሎበታል፣ ለምን ይቀራል? እንዴት ያምራል መሰለህ! ከሥሩ አራት ቀዳዳ አለው፣ የብሎኖችህ መግቢያ። ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ላይ በሣጥን አስቀመጥኩት። እና አባዬ፣ እግዜር አንዳንዴ ያዳላል። ዘንድሮ የጋሽ ታፈሰ ጥርስ ተራ በተራ ረገፈ። ድዱ ታመመ አሉ። የታችኛው ሙሉ ለሙሉ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ደንበኛ ባለበት አንገቱን ሰብሮ መጣና ሣጥኑን እያየ «ልጄ፣ ለሱ እንግዲህ አይሆነውም፣ እስቲ ልሞክረው» አለኝ።

ጥርሱ ያለ ብሎን እንደማይቆም አውቃለሁ። ላንተ መንጋጋ ብቻ ነው የተሠራው። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው፣ ይሞክሩት!» አልኩት። መስታወትም ያዝኩለት። አጥቦ አስገባው፣ አፉን ገጠመ፣ ለደንበኞቹ ፈገግ ሊል ሲል ተንሸራቶ ወጣና የተዘረጋው ነጠላ ላይ ዱብ አለ። እኔ ምን እንዳልኩ ገምት። አነሳሁት፣ ከፍ አደረግኩት፣ «ጎበዝ፣ ጋሽ ታፈሰ መልስ በጥርስ ከፈለን!» አልኩ። ተሸካሚው ሸክሙን ጥሎ ነው የሳቀው። ያን ቀን አጠገቤ ብትሆን ከንፈርህን ሳትሸፍን ትስቅ ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደብዳቤው የድል ነበር። ግን ሌላ ነገር መጣ።

ጋሽ ታፈሰ እዚሁ ሰፈር አንዱ ጥርስ ሠሪ ጋ ሄዶ እንዳንተ ያለ ተነቃይ ጥርስ አሠራ። ይወላልቅበታል። ባለፈው ሳምንት ጀርባዬን ሰጥቼ ጋቢ ስቆጥር ከኋላዬ «ሺሻይ!» የሚል ሰማሁ።

አባዬ፣ ሲያሾፍብኝ አልነበረም። ዝርዝር ፈልጎ ነው የጠራኝ። እንደዚያ ነው አሁን የሚወጣለት። እኔ ግን ሳላስበው «አቤት አባዬ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። የሳቀ የለም። ጋቢው ከእጄ ወደቀ። እሱም አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ልክ እንዳንተ።

ጥርሱን ላረግፍለት ፈልጌ ነበር፣ ለካ ጥርሱም የለም።

ትናንት መጣና ለብቻዬ ጠራኝ። «ሺሻይ፣ ልጄ፣ ያቺ ብሎን የምትተክለው ዶክተር የት ናት? ሽው መሃል መብላት አቃተኝ፣ ሽቃይ ላይ ነኝ» አለኝ። አይኑ እንባ አቅርሯል። ዶክተሯ እዚያው ናት፣ ያው ፎቅ ላይ፣ በሯን አውቀዋለሁ። «ዘግታ ሄዳለች ጋሼ፣ የት እንደገባችም የሚያውቅ የለም» አልኩት። ተራውን ሁሉ ዞሬ ነግሬያለሁ፣ ማንም እንዳያሳየው።

ክፉ ነህ በለኝ። በለኝ፣ ግድ የለኝም። ለሰርጉ የተቀጣ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። እሱ ብሎን ያስተከለ ቀን እኔን «ሲሳይ» ሊለኝ ነው፣ እንደማንም ሰው። ሲሳይ የሚለኝ ሞልቷል፣ እማዬም ሲሳይ ነው የምትለኝ። ያ ጥርስ እላይ ታች እስካለ ድረስ ግን በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ከጠላትህ አፍ ትጠራኛለህ። ጀርባዬን ሰጥቼ እጠብቃለሁ፣ ፊቱን እንዳላይ። አልረሳህም አባዬ፣ እሱንም አላስረሳው። ቆሎም ገዝቼ ኪሴ ይዣለሁ።

ልጅህ ሺሻይ